ማጥፋት፣ መንቀል፣ ማስወገድ፣ መቆጣጠር
በሽታን ስለ መጨረስ የምንናገርባቸው ቃላት ታሪክ፤ ከአርሲ ደጋ ሲታይ

ከዓመታት በፊት በአርሲ ደጋ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ውስጥ ስሠራ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናቸውን በሁለተኛው ወር ያቋረጡ አንድ አረጋዊ ገበሬ ከወራት በኋላ ደም እየተፉ ተመልሰው መጡ። «አባባ፣ መድኃኒቱን ስለምን አቋረጡ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ በጥያቄው ተገርመው «ጠፋልኝ እኮ! የጠፋን በሽታ ማን ያክማል ልጄ?» አሉኝ። ካርዳቸውን ገልጬ ብመለከት፣ በመጨረሻ በመጡበት ቀን በራሴ እጅ የጻፍኩት ማስታወሻ «የሕመም ምልክቶቹ ጠፍተዋል» ይላል። ይህንኑ ቃል በዚያው ዕለት ለእርሳቸውም ነግሬአቸው ኖሯል። እኔ የተናገርኩት ስለ ምልክቶቹ ነበር፤ እርሳቸው የሰሙት ስለ በሽታው ነበር። ግሡ ግን አንድ ነው።

የበሽታው ተሕዋስያን ሳልና ትኩሳቱ ካለፈ በኋላም በሳንባ ውስጥ ተደብቀው እንደሚቆዩ ለማስረዳት ብዙ ስደክም፣ ሽማግሌው አቋረጡኝና «ሰርዶ ነዋ!» አሉ። «ሰርዶ በማጭድ ሲታጨድ ማሳው ንጹሕ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከአፈሩ ውስጥ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ይመለሳል። ያኔ እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ መች እተወው ነበር።»

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ወቀሳ የተወለደ ነው። የሕክምና ባለሙያዎች ስለ በሽታ ፍጻሜ የምንናገርባቸው ቃላት ከየት እንደ መጡ፣ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ምን እንደ ሠሩና ቃሉ ከነገሩ ሲቀድም ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ለመመርመር ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባሉት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቃላቱ ሥር

በእንግሊዝኛ የሕክምና ሥነ ጽሑፍ አንድን በሽታ ከምድረ ገጽ ጨርሶ ማስቀረት «ኤራዲኬሽን» ይባላል። ቃሉ ከላቲን የተወሰደ ሲሆን «ኤ» ማለት «ከ... ወደ ውጭ»፣ «ራዲክስ» ማለት ደግሞ «ሥር» ማለት ነው። እንግዲህ ቃል በቃል ሲፈታ «ከሥር መንቀል» ይሆናል። በእንግሊዝኛ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መነገር ሲጀምር ስለ አረምና ስለ ዛፍ የሚነገር የገበሬ ቃል ነበር። ራዲሽ የተባለው ሥራ ሥርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከ«ራዲክስ» ነው።

ከዚህ ቃል ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው «ኤሊሚኔሽን» ነው። የዚህ ሥር «ሊመን» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ የቤት ደፍ ነው። ስለዚህ የጥንት ፍቺው «ከደፍ ውጭ ማስወጣት» ማለት ነው። ከደፍ የወጣ እንግዳ አልሞተም፤ በሩ ክፍት ከተተወ ተመልሶ ይገባል።

ሦስተኛው «ኮንትሮል» ነው። ይህ ቃል የመጣው በመካከለኛው ዘመን ከነበረ የሒሳብ አያያዝ ልማድ ነው። «ኮንትራ» ማለት «በአንጻር»፣ «ሮቱሉስ» ማለት «ጥቅል መዝገብ» ሲሆን፣ አንዱን መዝገብ ከሌላው አመሳክሮ ማጭበርበርን የመግለጥ ሥራ ነበር። በመጨረሻም «ኤክስቲንክሽን» አለ። ይህ ከላቲን «እሳትን ማጥፋት» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው።

እነዚህ ቃላት በሕክምናው ዓለም ለረጅም ጊዜ እንደ ተናጋሪው ፈቃድ ሲለዋወጡ ከቆዩ በኋላ፣ በ1997 በርሊን ከተማ በተካሄደው የዳሌም ጉባኤ ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ደረጃ አበጁላቸው። በዚያ ፍቺ መሠረት «ኮንትሮል» ማለት በተደራጀ ጥረት የበሽታውን መጠን በአካባቢው ተቀባይነት ወዳለው ደረጃ ማውረድ ነው፤ ጥረቱም አይቋረጥም። «ኤሊሚኔሽን» በአንድ በተወሰነ ክልል ውስጥ በሽታውን ወይም ልክፍቱን ወደ ዜሮ ማድረስ ሲሆን፣ ጥረቱ አሁንም አይቋረጥም። «ኤራዲኬሽን» በዓለም ሁሉ ልክፍቱን ለዘለቄታው ወደ ዜሮ ማድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ መከላከያው ራሱ አያስፈልግም። «ኤክስቲንክሽን» ግን ተሕዋሱ በተፈጥሮም ሆነ በላቦራቶሪ ውስጥ ፈጽሞ አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ አማርኛችን እንመለስ። «መቆጣጠር» የሚለው ግሥ ከ«ቆጠረ» የተገኘ ነው፤ እርስ በርስ እያመሳከሩ መቁጠር ማለት ነው። ከላቲኑ መዝገብ ጋር ያለ ውል የተስማማ ድንቅ ቃል ነው። «ማስወገድ» ደግሞ «ወግድ!» ከምንለው ትእዛዝ ጋር ዘመድ ነው፤ ዞር በል፣ መንገድ ልቀቅ ማለት ነው። ይህም «ከደፍ ማስወጣት» ከሚለው እምብዛም አይርቅም። «ኤራዲኬሽን» ለሚለው ቃል ቀጥተኛ አቻ የሚሆነው «ሥር ነቀል» ከጥንት በእጃችን ነበር፤ ነገር ግን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ «ሥር ነቀል ለውጥ» በሚለው ሐረግ ፖለቲካው ወሰደውና ለበሽታ ሳይደርስ ቀረ።

በእርሱ ፈንታ ለበሽታ የተሰጠው «ማጥፋት» ነው። የዚህ ቃል ችግር እጅግ ሰፊ መሆኑ ነው። እሳት ይጠፋል፤ ዘር ይጠፋል፤ ልጅ ገበያ ላይ ይጠፋል፤ ለወራት ያላየነውን ወዳጅም «ጠፋህ!» እንለዋለን። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይመለሱም፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ከዓይናችን ራቁ እንጂ በሕይወት አሉ። በአርሲ ሕዝብ ቋንቋ በኦሮምኛም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ «ባዱ» መጥፋት፣ «ባሌሱ» ማጥፋት ሲሆን፣ ለጠፋ ከብትም ለወደመ ንብረትም ያገለግላል። ለመንቀል «ቡቂሱ» የሚል የተለየ ቃል አለ። በአማርኛችን «ማጥፋት» በአንድ በኩል እሳትን ከማጥፋት ጋር ስለሚዛመድ ከዳሌም መሰላል የመጨረሻውን፣ ማንኛውም በሽታ ገና ያልደረሰበትን እርከን ይነካል፤ በሌላ በኩል ደግሞ «አልታየኝም» ከማለት የማይበልጥ ትርጉም አለው። በአንድ ቃል ውስጥ ከሁሉ የከበደውና ከሁሉ የቀለለው ተስፋ አብረው ይኖራሉ።

«ወባ ማጥፊያ»

ይህ የቃል ጉዳይ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያስተማረችን ወባ ናት። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች፣ በተለይም ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች፣ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ታመመና ወደ 150,000 ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1955፣ የዓለም ጤና ጉባኤ በሜክሲኮ ሲቲ ተሰብስቦ ወባን ከዓለም የመንቀል ዘመቻ አውጆ ነበር። ከሰሐራ በታች ያለው አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ከዘመቻው ውጭ ሲቀር፣ ኢትዮጵያ ከገቡት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች፤ በ1959ም ሕዝቡ «ወባ ማጥፊያ» እያለ የሚጠራው ድርጅት ተቋቋመ።

የዘመቻው ዕቅድ የጦር ሜዳ ቋንቋ ነበረው፦ ዝግጅት፣ ማጥቃት፣ ማጠናከር፣ መጠበቅ። ቤቶች ተቆጥረው ተመዘገቡ፤ ግድግዳቸው በዲዲቲ ተረጨ፤ ሕሙማን በክሎሮኪን ታከሙ። በብዙ ቦታ በሽታው በእርግጥ ቀነሰ። ይሁን እንጂ ትንኟ መድኃኒቱን መልመድ ጀመረች፤ ገንዘቡ መጠነ ሰፊውን ሥራ አልበቃ አለ፤ የዘመቻው መዝጊያ ተብሎ የታሰበውም ጊዜ ደርሶ አለፈ። በ1969 የዓለም ጤና ጉባኤ ቦስተን ላይ ተሰብስቦ፣ መንቀል በማይቻልባቸው አገሮች መቆጣጠር እንዲተካ ወሰነ። በአገራችንም በ1970ዎቹ አጋማሽ የድርጅቱ ኦፊሴላዊ ስም ከ«ማጥፋት» ወደ «መቆጣጠር» ተለወጠ። ሕዝቡ ግን «ወባ ማጥፊያ» ማለቱን አልተወም።

የስሙ መለወጥ እንደ ሽንፈት ተቆጠረ። አንድ ሥራ «ይጠፋል» ተብሎ ከተጀመረ፣ ሳይጠፋ የቀረው ሁሉ ውድቀት ይመስላል፤ የዳኑት ሰዎች ብዛት አይታይም። በአርሲ ይህን ማስተዋል ቀላል ነው። አሰላ ወደ 2400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ወባ የዕለት ተዕለት በሽታዋ አይደለም። ከከተማዋ በምዕራብ ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ በሰሜን ወደ ዴራና ዶዶታ፣ በአዋሽ ሸለቆም ወደ መርቲ ሲወረድ ግን አየሩም በሽታውም ይለወጣል። ለሥራ የወረደው የደጋ ሰው ታሞ ይመለሳል። ለደገኛው ወባ «ጠፍታለች»፤ ለቆለኛው ግን አንድም ቀን አልጠፋችም።

ቃሉ ዛሬም ፈተናው አልቀረለትም። ኢትዮጵያ በ2030 ወባን ከአገር የማስወገድ ግብ አስቀምጣ በምትሠራበት ጊዜ፣ በ2019 ወደ 900,000 ዝቅ ብሎ የነበረው የዓመቱ የሕሙማን ቁጥር እንደገና አሻቀበ፤ ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግበዋል። ለዚህ ግጭትና መፈናቀል፣ የአየር ንብረት፣ የመድኃኒትና የፀረ ትንኝ ኬሚካል መላመድ፣ እንዲሁም በ2016 በቀብሪ ደሐር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የትንኝ ዝርያ ድርሻ አላቸው። ከደፍ የወጣው እንግዳ በሩን ክፍት አግኝቶታል።

የተነቀለው ፈንጣጣ

በሰው በሽታዎች ታሪክ ከሥሩ የተነቀለው ፈንጣጣ ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያም ከመጨረሻዎቹ የትግል ሜዳዎች አንዷ ነበረች። የዓለም ጤና ድርጅት የተጠናከረውን ዘመቻ በ1967 ሲጀምር፣ የአገራችን የጤና አስተዳደር ጉልበቱን ሁሉ በወባ ላይ ያዋለ ስለ ነበር ሌላ «ማጥፋት» ለመጀመር አመነታ። የፈንጣጣው ሥራ በጥር 1971 ሲጀመር ሠራተኞቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት የተመዘገቡት ሕሙማን ግን 26,329 ደረሱ። ከዚያ በፊት ይደርስ የነበረው ሪፖርት በጣም አነስተኛ ስለ ነበር፣ በሽታው በአንድ ዓመት የተባባሰ መሰለ። እውነቱ ግን በሽታው አልበዛም፤ ቆጣሪ መጣ እንጂ።

ዘመቻውን ያሳካው ሁሉንም ሰው መክተብ አልነበረም፤ አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ በሚኖርበት አገር ይህ አይሞከርም ነበር። የአቶ የማነ ተከስተ፣ የኦስትሪያዊው የዶክተር ኩርት ቫይትሃለርና የብራዚላዊው የዶክተር ሲሮ ደ ኳድሮስ ባልደረቦች የተከተሉት መንገድ ሌላ ነበር። በፈንጣጣ የተያዘ ሕፃን ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ፤ የተነገራቸውን ወሬ ሁሉ መዘገቡ፤ የታመመውን ሲያገኙ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ከተቡ። ይህ በእውነተኛ ፍቺው ቁጥጥር ነው፤ ወሬን ከሰው፣ ሰውን ከመዝገብ ማመሳከር።

የአገራችን የመጨረሻ ሕመምተኛ የተገኘችው ከአርሲ ጋር በሚዋሰነው በያኔው ባሌ ክፍለ ሀገር፣ ኤል ከሬ አካባቢ ዲሞ በምትባል መንደር ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ስትሆን ቀኑም ነሐሴ 9 ቀን 1976 ነበር። በዚያ ቀን ግን ማንም «ጠፋ» አላለም። የበሽታው መጨረሻ መሆኑ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ በሚፈለገውና በማይገኘው ነውና። በ1977 በጎረቤት ሶማሊያ ወረርሽኝ ተነሣ፤ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው በጥቅምት 26 ቀን 1977 መርካ ከተማ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍለጋው ቀጥሎ አንድም ሳይገኝ ሲቀር፣ በጥቅምት 1979 የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ፤ በግንቦት 8 ቀን 1980ም የዓለም ጤና ጉባኤ ለዓለም አበሠረ።

እንደዚያም ሆኖ ፈንጣጣ በዳሌም መሰላል የመጨረሻው እርከን ላይ አልደረሰም። ከሥሩ ተነቅሏል፤ እሳቱ ግን አልጠፋም። ቫይረሱ በአሜሪካ አትላንታና በሩሲያ ኮልትሶቮ በሚገኙ ሁለት ላቦራቶሪዎች ተቆልፎበት ይኖራል። በ1978 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከላቦራቶሪ ያመለጠ ቫይረስ አንዲት ሴት መግደሉ፣ የተነቀለ ሁሉ የሞተ አለመሆኑን አሳይቷል።

የከብት ደስታ

ሁለተኛው የተነቀለ በሽታ የእንስሳት ነው። ለአርሲ አርብቶ አደርና ገበሬ ግን የከብት በሽታ ከሰው በሽታ ተለይቶ አያውቅም። ስሙ ከግብሩ ጋር የማይገጥመው የከብት ደስታ በ1887 በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች ገብቶ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያዳረሰ ሲሆን፣ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን ማረስ አልቻለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው፣ ሕዝባችን «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስታውሰው ረኃብ በዚህ ተከተለ፤ ፈንጣጣና ሌሎች ወረርሽኞችም በተዳከመው ሕዝብ ላይ ዘመቱበት።

በሽታውን የመንቀሉ ታሪክ ከእኒያ ገበሬ ታሪክ ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይመሳሰላል። ዋልተር ፕላውራይት የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በ1960 ገደማ ፍቱን ክትባት አዘጋጀ። ከ1962 እስከ 1976 በተካሄደው የአፍሪካ የጋራ ዘመቻ ሚሊዮኖች ከብቶች ተከተቡ፤ በሽታውም ከሞላ ጎደል ከዓይን ጠፋ። አገሮች ገንዘባቸውንና ትኩረታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ነገር ግን ጥቂት ሥሮች በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ ቀርተው ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታው አህጉሩን መልሶ አዳረሰ። ይህ በሁለተኛው ወር የተቋረጠ ሕክምና ነው፤ በሽተኛው አህጉር መሆኑ ብቻ ይለያል።

በ1986 የተጀመረው ሁለተኛው ዘመቻ ከስሕተቱ ተማረ። ሙቀትን የሚችል ክትባት ተዘጋጀ፤ የእንስሳት ሐኪም በማይደርስበት በአፋር ምድር ራሳቸው አርብቶ አደሮቹ ሠልጥነው ክትባቱን ሰጡ፤ የአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝም በ1995 ታየ። ከዚያ በኋላ ተቃራኒ የሚመስል ውሳኔ መጣ፤ ክትባቱ ራሱ ቆመ። የተከተበ ከብትና በሽታውን ያለፈ ከብት በደም ምርመራ አይለዩምና፣ ክትባቱ ካልቆመ ዜሮን መቁጠር አይቻልም ነበር። ከዓመታት ፍለጋ በኋላ በ2011 በሽታው ከዓለም መነቀሉ ታወጀ። ቀሪው የቫይረሱ ናሙና እንዲጠበቅባቸው ከተመረጡት ጥቂት ተቋማት መካከልም አንዱ እዚሁ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው።

ከደፍ የወጡት

ፈንጣጣና የከብት ደስታ የተነቀሉት ሥራቸው አንድ ስለ ነበር ነው። ፈንጣጣ ከሰው በቀር ማደሪያ አልነበረውም፤ በሽተኛው በፊቱ ላይ ይታወቅ ነበር፤ ክትባቱም አስተማማኝ ነበር። ሥሩ ሌላ ቦታ ያለን በሽታ ግን በፈቃድና በአዋጅ መንቀል አይቻልም። ለምሳሌ መንጋጋ ቆልፍ ተሕዋሱ በአፈር ውስጥ ይኖራል። ኢትዮጵያ በ2017 የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ ሲረጋገጥ፣ ትርጉሙ በእያንዳንዱ ወረዳ ከ1000 ሕያው ልደት ውስጥ የተያዙት ጨቅላዎች ከአንድ በታች ሆኑ ማለት ነበር። አፈሩ ያው አፈር ነው። ክትባቱና ንጹሑ ወሊድ በቆሙ ማግሥት በሽታው ይመለሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተዛዝበው የሥጋ ደዌ ጉዳይ ነው። በ1991 የዓለም ጤና ጉባኤ ሥጋ ደዌን እስከ 2000 «እንደ ኅብረተሰብ ጤና ችግር የማስወገድ» ግብ አወጣ፤ መለኪያውም ከ10,000 ሰው ውስጥ በሕክምና ላይ ያለው ከአንድ በታች እንዲሆን ነበር። በ1983 ወደ አገራችን የገባው ጥምር መድኃኒት ተአምር ሠራ፤ ኢትዮጵያም በ1999 መለኪያውን በአገር ደረጃ አሟላች። በአማርኛ «ሥጋ ደዌ ጠፋ» ተባለ። ይሁንና ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዲስ ሕሙማን መገኘታቸው አልቀረም። በመጀመሪያ የሥጋ ደዌ ማዕከል ሆኖ በተመሠረተው በምዕራብ አርሲው የጋምቦ ሆስፒታል፣ «ከጠፋ» በኋላም ጣታቸው የደነዘዘ፣ እግራቸው የቆሰለ ሕሙማን መምጣታቸው ቀጥሏል። ጠፍቷል በተባለ በሽታ የተያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በበሽታው፣ ሁለተኛ ጊዜ ምልክቱን ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አካል ባልተማረ ወጣት ሐኪም እጅ።

የአርሲ ግርሻ

የቃሉን ጉዳይ በስሙ ውስጥ የያዘ በሽታም በአርሲ ደጋ አለ። ቅማል የሚያስተላልፈው አገርሺ ትኩሳት ስሙ እንደሚያመለክተው ለቀናት ያነድዳል፣ ይለቃል፣ በሽተኛው «ጠፋልኝ» ብሎ ሲነሣ እንደገና ያገረሻል። ተሕዋሱ ቆዳውን እየለወጠ ከሰውነት መከላከያ የሚያመልጥ በመሆኑ ነው። በአሰላ ሆስፒታል የታከሙ 389 ሕሙማንን የመረመረና በ1993 የታተመ ጥናት የአርሲን ስም በዓለም የሕክምና መዛግብት ውስጥ ከዚህ በሽታ ጋር አስፍሮታል። ብርድ ባለበት ደጋ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ሲያድር፣ ልብስ የሚቀየርበትና የሚታጠብበት አቅም ሲያንስ ቅማሉ ይራባል።

ይህ በሽታ በመሠረቱ የሚነቀሉት ወገን ነው። ከሰው በቀር ሌላ ማደሪያ እንዳለው አይታወቅም፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው። ከአብዛኛው ዓለም የጠፋውም ያለ አንዳች ዘመቻ፣ በሳሙና፣ በውኃና በተሻለ መኖሪያ ብቻ ነው። በአፍሪካ ቀንድ የቀረው ሥሩ ድህነት ስለ ሆነ ነው። ሥሩን ሳይነኩ ትኩሳቱን ብቻ ማከም የሰርዶ ማጨድ ነው፤ አስፈላጊ ነው፣ ነፍስ ያድናል፣ ማሳውን ግን አያጸዳም።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ አርሲ የሚያኮራ ታሪክ አላት። በሽተኛው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት የሚውጥበት ሥርዓት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ የተጀመረው በ1992 በአርሲና በባሌ ነው። የዚህ ሥርዓት ልብ መድኃኒቱ ብቻ አልነበረም፤ መዝገቡ ነበር። እያንዳንዱ የተመዘገበ ሰው መጨረሻው ምን እንደ ሆነ፣ ዳነ፣ ሞተ ወይስ አቋረጠ፣ ተመሳክሮ ይጻፍ ነበር። በ2014 የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው ዕቅድ ሳንባ ነቀርሳን «የመጨረስ» ስም ተሰጥቶታል፤ ዝርዝሩ ሲነበብ ግን በ2035 ሞትን በ95 ከመቶ፣ አዲስ ሕመምን በ90 ከመቶ መቀነስ ማለት ነው። ግቡ ታላቅ ነው። ሆኖም በሽታው ጨርሶ አይኖርም ከማለት ይለያልና፣ ለሕዝቡ ሲነገር ልዩነቱ መነገር ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ከሥራቸው የተነቀሉት ሁለቱም በሽታዎች የተነቀሉት በቆጠራ ነው። ፍጻሜያቸው የታወቀው በመጨረሻው በሽተኛ ቀን ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ዜሮ በተጻፈባቸው ረጅም ወራት ነው። «መቆጣጠር» ከ«ማጥፋት» ያነሰ ምኞት ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው፤ ቁጥር የሌለው ማጥፋት ዓይንን ከመጨፈን አይለይም።

በመሆኑም ለሙያ ባልደረቦቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በጽሑፋችንና በስብከታችን ቃላቱን እንለይ፤ ለዓለም አቀፉ ፍጻሜ «መንቀል»፣ በአገር ወይም በክልል ደረጃ ለሚሆነው «ማስወገድ»፣ ለማይቋረጠው ጥረት «መቆጣጠር» እንበል፤ መለኪያውንም አብረን እንንገር። ሁለተኛ፣ ከወረዳ በየሳምንቱ በሚላከው የበሽታዎች ቅኝት ሪፖርት ላይ ዜሮን እናክብር። ፈልጎ ያጣ ሰው የጻፈው ዜሮና ያልፈለገ ሰው የተወው ባዶ ቦታ አንድ አይደሉም። ሦስተኛ፣ ለበሽተኛው «ጠፍቷል» ከማለታችን በፊት፣ ምልክቱን ነው ወይስ በሽታውን የምንለው ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

እኒያ ገበሬ እንደገና ሕክምና ጀምረው እስከ መጨረሻው ወር ዘለቁ። በየቀጠሯቸው ሲመጡ ሰላምታቸው «ሥሩስ?» የሚል ነበር። አክታቸው ለመጨረሻ ጊዜ ተመርምሮ ተሕዋስ ያልተገኘበት ዕለት ካርዳቸው ላይ የጻፍኩት «ጠፍቷል» አይደለም፤ የወሰዱትን የመድኃኒት ወራት ብዛትና የሦስቱን ምርመራዎች ውጤት ከነቀናቸው ነው። አነበብኩላቸው። በጣታቸው ቆጠሩና «አሁን ገባኝ» ብለው ወደ ማሳቸው ሄዱ።